የምክር ዓምድ፦ «ስታፎቼ ደጎች ናቸው፤ ነዋሪዎቹ ግን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ»

ጥያቄ፦

«ሚኒሶታ ውስጥ አራት ሰዎች የሚኖሩበት ግሩፕ ሆም ማናጀር ነኝ፤ በቦታው አዲስ ነኝ። ነዋሪዎቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች ናቸው። ሁለቱ በደንብ ይናገራሉ፣ አንዱ ጥቂት ቃላት አሉት፣ አንዷ በቃል አትናገርም፣ የምትንቀሳቀሰውም በዊልቸር ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ስታፍ አለ፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ ደጎችና ታታሪዎች። ምግቡ ትኩስ ነው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መድኃኒት ሰዓቱን አያልፍም። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ግን የነዋሪዎቹን አገልግሎት የምትከታተለው ኬዝ ማናጀር ‹ሰዎቹ በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠራሉ? ምንስ ይወስናሉ?› ስትለኝ መልስ አጣሁ። በወር አንድ ጊዜ የነዋሪዎች ስብሰባ ጀመርኩ፤ ‹ፒዛ› ከማለት በቀር የሚናገር የለም። ስታፎቼን ‹አሳትፏቸው› ስላቸው ‹ጊዜ የለም› ይላሉ። አንዷማ ‹እንዲህ ያለ ሰው ዕቃ እጠብ ማለት ነውር ነው› አለችኝ። አንዱ ነዋሪ መብላት ከጀመረ ስለማያቆም ፍሪጁን እንቆልፋለን፤ እሱም ጥያቄ ተነሥቶበታል። ከየት ልጀምር?»

ማናጀሯ፣ ከሚኒያፖሊስ አካባቢ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከራት ሰዓት ይጀምሩ። ቀኑን ሙሉ አንድም ነገር ሳይጠየቅ የሚውል ሰው በወር አንዴ ክብ ተቀምጦ «አስተያየት ስጥ» ቢባል ከፒዛ ሌላ የሚለው አይኖረውም። በየቀኑ የሚነካው፣ የሚሠራውና የሚመርጠው ነገር ሲኖር ስብሰባውም አፍ ይፈታል። የፍሪጁ ነገር ሕግ ስላለበት ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

አስቀድመን ስለ «ነውሩ» እንበል። ያ ቃል ከክፋት አልመጣም። በእኛ አገር እንግዳ ማድ ቤት አይገባም፤ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ ይቀርብለታል፣ ይጎረሳል። እነዚህ አራት ሰዎች ግን ውል ያላቸው፣ ለክፍላቸውና ለምግባቸው የሚከፍሉ ነዋሪዎች ናቸው፤ ቤቱ ቤታቸው ነው። በገዛ ቤቱ ዐሥራ አምስት ዓመት እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው የሚችለውን ይረሳል፣ መጠየቅ ይተዋል፤ ብዙ ጊዜም በቁጣ ወይም በእንቅልፍ ይመልሳል። ለስታፏ ይህን በአክብሮት ያስረዷት፤ ደግነቷ አያስወቅሳትም።

ስጋቷ ግን በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ድንበሩን ማስመር የእርስዎ ፈንታ ነው። ነዋሪው የሚያጥበው የራሱን ሳህንና የጋራውን ድስት ነው። የስታፍ ምሳ ዕቃ አያጥብም፣ የስታፍ መጸዳጃ አያጸዳም፣ ሌላውን ነዋሪ የመንከባከብ ኃላፊነት አይሰጠውም። ራቱም ሥራ ሲሠራ የሚሰጠው ሽልማት አይደለም፤ ሠራም አልሠራም ይበላል። ይህን በጽሑፍ አስቀምጠው ለሁሉም ስታፍ ያሳዩ።

ቀጥለው የሺፍቱን ቼክሊስት ያውጡና ያንብቡት። እንደ ብዙዎቹ ቤቶች ከሆነ «ራት ተሠርቷል፣ ዕቃ ታጥቧል፣ ልብስ ታጥፏል» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ስታፉን የሚያመሰግነው ሥራው ስላለቀ ነው፤ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። በሃያ ደቂቃ ራት የምታደርስ ስታፍ ጎበዝ ትባላለች፤ በአርባ አምስት ደቂቃ ሦስት ነዋሪ ይዛ የሠራችው «ዘገየች» ትባላለች። ስለዚህ መስመሩን ይለውጡት፦ «ራት፦ ማን የትኛውን ክፍል ሠራ? ምን ዓይነት እገዛ ተሰጠው?» ይህ አንድ ለውጥ ከብዙ ንግግር በላይ ይሠራል፤ ስታፍ በእርግጥ የሚፈለገው ምን እንደሆነ የሚረዳው ሲፈርምበት ነውና።

የራት ሰዓት

ተሳትፎ ማለት ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን መሥራት ከመሰለን ከአራቱ ሦስቱን እንተዋቸዋለን። አንድ ሥራ ብዙ ቁርጥራጮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ቁራጭ ይገኛል። ፓስታ እንውሰድ። ፓኬቱን ከቁም ሳጥን ማውጣት፣ ድስቱን ውኃ መሙላት፣ ምድጃውን መለኮስ፣ ፓስታውን መጨመር፣ ሰዓት መሙላት፣ የሶሱን ጠርሙስ መክፈት፣ ማማሰል፣ ውኃውን ማጥለል፣ ሰላጣ መበጣጠስ፣ ሳህንና ሹካ መደርደር፣ ወደ ጠረጴዛ ማምጣት። ዐሥራ አንድ ቁራጭ ሆነ። ለስታፍ ብቻ መተው ያለበት ምናልባት የፈላውን ውኃ ማጥለል ነው። ድስት መሙላት ይከብዳል ከተባለ ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ በአንድ ሊትር ማሰሮ አራት ጊዜ እየተመላለሱ ይጨመርበት። ለጥቂት ቃላቱ ሰውዬ ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ይደጋገማል፣ በዓይንም ይታያል።

በዊልቸር ያለችውን ነዋሪ በተመለከተ «እሷ ምን ትሠራለች?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። በዊልቸሩ ላይ የሚገጠም ጠረጴዛ፣ በላዩ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ከዚያም ሰፊ ሳህን ላይ የሰላጣ ቅጠል ያስቀምጡላት፤ መበጣጠስ ትችል ይሆናል። እጇ ለዚያ ካልታዘዘ፣ ብሌንደር ወይም ማደባለቂያ ማሽን ከአንድ ትልቅ የመጫኛ ቁልፍ ጋር የሚያገናኝ በግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሳጥን አለ። ቁልፉን ስትጫን ማሽኑ ይነሣል። በሳጥኑ ላይ «እስከተጫነች ድረስ» ወይም «ለተወሰነ ሴኮንድ» የሚል አሠራር አለ፤ ቁልፉን ተጭኖ መቆየት ለሚከብዳት በዐሥር ሴኮንድ ይጀምሩ። ቁልፉ በእጅ፣ በክርን ወይም በጭንቅላት በኩል ይሁን የሚለውን ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰው የዕለት ሥራውን በምን እንቅስቃሴና መሣሪያ እንደሚሠራ የምታጠና ባለሙያ) ትወስን፤ በግምት የተቀመጠ ቁልፍ በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይህም ባይኖር እያንዳንዱን ካልሲ ከማድረቂያው ተቀብላ ቅርጫት ውስጥ መጣል ትችላለች። ግማሽ ደቂቃ የፈጀ ሥራም ሥራ ነው፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ሲመጣ ቀኗን ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሙያ እንምጣ፤ የእገዛው ልክ ላይ። አምስት ደረጃ አለው። አንደኛው መጠየቅ ነው፦ «ሰላጣ እንሥራ?» ሁለተኛው የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ መንገር፦ «ቲማቲሙን አውጣ።» ሦስተኛው ፍንጭ ነው፦ በጣት ማመልከት፣ ዕቃውን ወደ እጁ ማስጠጋት። አራተኛው ሠርቶ ማሳየትና ዕቃውን ለእሱ መመለስ። አምስተኛው እጅን ይዞ ማገዝ። በዚህኛው ላይ የስታፏ እጅ ከሥር፣ የነዋሪው እጅ ከላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ባልፈለገ ጊዜ እጁን ማንሣት ይችላልና። ከላይ ተጭኖ የሚያንቀሳቅስ እጅ ሰውየውን ያስገድደዋል፣ እምቢ የሚልበትንም መንገድ ይዘጋበታል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስታፍ ትጠይቃለች፣ ሁለት ሴኮንድ ጠብቃ ትደግማለች፣ ትደግማለች፣ ከዚያ «እምቢ አለ» ብላ ራሷ ትሠራዋለች። ሰውየው ግን የመጀመሪያውን ቃል ገና እያሰበበት ነበር፤ ሁለተኛው ቃል ሲመጣ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ በልብ እስከ ዐሥር መቁጠር ይለመድ። ምላሽ ከሌለ ያንኑ ቃል ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም ዋጋ የለውም፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ይሻላል። ቃል ብዙም የማይረዳ ሰው ደግሞ ከሦስተኛው ደረጃ ይጀመርለት፤ ማሰሮውን ማየቱ ከዐሥር ዓረፍተ ነገር ይበልጥበታል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ ራሱ የሚችለውን ሰው እጁን መያዝ። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ነዋሪና ለእያንዳንዱ ሥራ «የት ደረጃ ላይ ነን?» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ያለበት፤ አለበለዚያ ሺፍት በተቀየረ ቁጥር ሰውየው አዲስ ትምህርት ይጀምራል።

በሐበሻ ስታፍ በሚሠሩ ቤቶች ላይ ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ሁለት ስታፍ ማድ ቤት ቆመው በአማርኛ ሲጨዋወቱ በመካከላቸው ያለው ነዋሪ ከራቱም ከወሬውም ይወጣል። ቃል የማይናገር ሰው እንኳ ንግግሩ ወደ እሱ እንዳልመጣ ያውቃል። ነዋሪ ባለበት ክፍል ነዋሪው በሚሰማው ቋንቋ ብቻ ይነገር፤ አማርኛው ለእረፍት ሰዓት ይቆይ። ይህን ደንብ የአገር ልጅ የሆነ ማናጀር ሲያወጣው ይቀበሉታል፤ ከውጭ ሲመጣባቸው ግን ቅር ያሰኛቸዋል፤ ስለዚህ ማንም ሳይቀድምዎት እርስዎ ይናገሩት። እግረ መንገድዎን እንጀራና ወጥ በነዋሪዎቹ ምርጫ አንዳንድ ቀን ቢሠራ ደስ ይላል፤ ስታፉ ስለሚወደው ብቻ ቢሠራ ግን አይሆንም።

«ጊዜ የለም» ለሚለው የሚመልሰው የሺፍቱ አደረጃጀት ነው። (ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ነዋሪዎች ቀን ከሚውሉበት ዴይ ፕሮግራም 3፡00 ገደማ ይመጣሉ እንበል። በብዙ ቤት ከዚያ እስከ 5፡00 አንዷ ስታፍ ኮምፒዩተር ላይ ቻርት ታደርጋለች (የዕለቱን መዝገብ ትሞላለች)፣ ሌላዋ ብቻዋን ታበስላለች፣ አራት ሰው ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ቻርቱን ወደ 8፡15 ይውሰዱት፤ በመሀል ወዲያው መመዝገብ ያለበት መድኃኒትና አደጋ ብቻ ነው። መድኃኒት የምትሰጠው ስታፍ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አትያዝ፤ ማብሰልና መድኃኒት አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ይበላሻሉ። ማብሰሉ በ4፡15 ይጀመር። ጠዋት ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ የተመደበ ሰዓት ካለ፣ ከእሱ ሁለት ሰዓት ቀንሰው ከ4፡00 እስከ 6፡00 ማዛወር ይቻል እንደሆነ ከድርጅትዎ ጋር ይነጋገሩ።

ሺፍቱ ሲጀመርም ዐሥር ደቂቃ ለዕቅድ ይያዝ። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ሰዓት፣ ሥራ ይጻፋል፦ «3፡20፣ ሀ ከ1ኛው ነዋሪ ጋር ፖስታ ሣጥን ሄደው ይመለሳሉ፤ ለ ከሌሎቹ ጋር መክሰስ። 4፡15፣ ሀ ማድ ቤት ከሁለት ሰው ጋር፤ ለ ልብስ ማጠቢያ ከሁለት ሰው ጋር። 5፡00፣ ለ መድኃኒት ብቻ።» ነዋሪው ሌላ ነገር ከመረጠ ዕቅዱ ይለወጣል፤ ወረቀቱ የስታፍ መመደቢያ እንጂ የነዋሪ ትእዛዝ አይደለም። ስታፍ ማብዛት ብቻውን እንደማይረዳም ይወቁ። ለምን የሚለው ግልጽ ካልሆነ ሦስተኛዋ ስታፍ ከሁለቱ ጋር ለማውራት ነው የምትመጣው።

የእርስዎስ ቦታ? በዚህ ሰዓት ቢሮ አይቀመጡ። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ እንደዚህ ባሉ ቤቶች ላይ «አክቲቭ ሰፖርት» የተባለውን፣ ነዋሪው በልኩ እየታገዘ የቤቱን ሥራ ራሱ እንዲሠራ የሚያደርገውን አሠራር ለዓመታት ሲያጠኑ የቆዩ ባለሙያዎች፣ ከእነዚህም በኬንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጂም ማንሴልና በላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ክሪስቲን ቢግቢ፣ ደጋግመው የሚያሳስቡት ይህንን ነው፦ ስታፍ ከሥልጠና ተመልሳ በሥራ ላይ የሚያያት፣ የሚያሳያትና የሚያርማት የቅርብ አለቃ ከሌላት ወደ ቀድሞው ትመለሳለች።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ4፡30 እስከ 5፡30፣ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ቤቱ የነዋሪዎቹ ነውና «ዛሬ ስታፎቹ እንዴት እንደሚያግዟችሁ ልመለከት ነው፤ ይመቻችኋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መኝታና መታጠቢያ ክፍል አይግቡ፤ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፉ። በየደቂቃው አንድ ሰው ብቻ በተራ ይዩ፤ በአንድ ሰዓት ለእያንዳንዱ ነዋሪ 15 ምልክት ይደርሰዋል። ሁለት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ በዚያች ቅጽበት ሰውየው አንድ ነገር እየሠራ ወይም ከሰው ጋር እየተግባባ ነው? ስታፍስ እያገዘው ነው፣ እያወራው ነው፣ ወይስ አጠገቡ የለም? ማንም ያልመረጠው ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ «ምንም» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ዝቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በቃል በማይናገረው ሰው ላይ ነው፤ እርስዎም ቤት እንዲሁ ከሆነ አይደንግጡ፣ ከዚያ ይጀምሩ።

ከተመለከቱ በኋላ ስታፏን በዚያው ቀን ያነጋግሯት። አንድ ጥሩ የሠራችውን በዝርዝር ይናገሩ፦ «ማሰሮውን እጁ አጠገብ አድርገሽ ዝም ስትይ ራሱ አነሣው።» ከዚያ የምትለውጠው አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ እርስዎ አምስት ደቂቃ ሠርተው ያሳዩ፣ እሷ ትሞክር። ይህን ወረቀት ለቅጣት ከተጠቀሙበት ስታፍ እርስዎ ሲገቡ ብቻ ነዋሪ ማድ ቤት ታስገባለች፤ ሲወጡ ይቆማል።

ቻርት ላይ «ጠየቅኩት፣ እምቢ አለ» በየቀኑ ከተጻፈ የሰውየውን ጠባይ ከመመርመርዎ በፊት አጠያየቁን ይመርምሩ። እምቢ ማለት መብቱ ነው፤ በየቀኑ ተመሳሳይ እምቢታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ይናገራል። ከዴይ ፕሮግራም ደክሞ እንደገባ ተጠይቆ ይሆናል። ማድ ቤቱ ይጮኽ ይሆናል። የከሰዓቱ መድኃኒት ያደነዝዘው ይሆናል። የሆድ ድርቀት ወይም የጥርስ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ መናገር የማይችሉ ሰዎች ላይ ይህ ሳይታወቅ ይቆያል። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ በሌላ መንገድ ይጠየቅ፤ ያም ካልሆነ ይተውና ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ።

ስብሰባውና ውሳኔው

ወርሃዊውን ስብሰባ አይሰርዙት፤ ቅርጹን ይለውጡት። ከሁለት ወይም ከሦስት ጉዳይ አይብለጥ፣ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ጉዳዮቹ በእርግጥ ያልተወሰኑ ይሁኑ። ድርጅቱ አስቀድሞ የወሰነውን ማስመረጥ ሰዎቹን ዝም ያሰኛቸዋል፤ እንዳልተሰሙ ያውቃሉና። የሳሎን ቀለም፣ የቅዳሜ መውጫ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ራቶች፣ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ማን ይጠቀም የሚሉት ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከእያንዳንዱ ጋር ለብቻ ዐሥር ደቂቃ ይቀመጡ፤ ሐሳብን ለማብሰል ጊዜ የሚፈልግ ሰው በጉባኤ መካከል አይናገርም። ፎቶ ወይም ዕቃው ራሱ ይኑር፤ ቀለም ከሆነ የቀለም ካርድ፣ መውጫ ከሆነ የቦታው ፎቶ።

አጠያየቅ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። «ወደ ሐይቁ እንሂድ አይደል?» ብለው ከጠየቁ ብዙዎቹ «አዎ» ይላሉ፤ አለቃን ላለማስቀየም ዕድሜ ልካቸውን ተለማምደውታል። «ሐይቅ ወይስ ሞል?» ብለው ከጠየቁ ደግሞ አንዳንዱ የመጨረሻውን ቃል ይደግማል። ስለዚህ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጠው «ሞል ወይስ ሐይቅ?» ይበሉ፤ መልሱ ካልተለወጠ ምርጫው ነው። የተወሰነው ነገር በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ ጅምሩ በዓይን ይታይ። ቀለሙ ተመርጦ ሦስት ወር ከቆየ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ፒዛ ብቻ ይቀራል።

በቃል ለማትናገረው ነዋሪ የስብሰባ ወንበር ብቻውን ተሳትፎ አይደለም። ከሚያውቋት ስታፎችና ከቤተሰቧ ጋር ሆነው አንድ ገጽ ይሥሩ፣ በሦስት ዓምድ፦ ምን ታደርጋለች፣ ምን ማለቷ ይመስለናል፣ ምን እናደርጋለን። «ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር፣ በቃኝ ማለቷ ይመስለናል፣ እንተዋለን።» ምርጫዋን ለማወቅ ሁለት እውነተኛ ነገር ያሳዩአት፤ ሁለቱን በእኩል ርቀት ይያዙ፤ ግራና ቀኙን እየቀያየሩ በተለያየ ቀን አምስት ጊዜ ይሞክሩ። አንዳንድ ሰው ሁልጊዜ በቀኝ ያለውን ስለሚያይ አንድ ሙከራ ላይ መደምደም አይቻልም። አልፎ አልፎም እንደምትወደው የታወቀውን እንደማትወደው ከታወቀው ጋር ያቅርቡላት፤ ይህን ከለየች ሌላውንም ምርጫዋን ማመን ይቻላል።

አዲስ ስታፍ ሲቀጠርም ነዋሪዎቹ ይግቡበት። ዕጩው ግማሽ ሰዓት መጥቶ አብሯቸው መክሰስ ይሥራ፤ በካርድ የተዘጋጁ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቁት። ማንን እያየ እንደሚናገር ያን ጊዜ ይታወቃል። እርስዎ ከክፍሉ አይውጡ።

ጋርዲያን (ፍርድ ቤት የሾመው ሕጋዊ ሞግዚት) ያላቸው ነዋሪዎችን በተመለከተ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አውጥተው ያንብቡ። ትእዛዙ ለጋርዲያኑ የትኛው ሥልጣን እንደተሰጠ ይዘረዝራል፤ ያልተሰጠው የሰውየው ነው። ጋርዲያን አለው ማለት ራቱን፣ ልብሱንና የሚተኛበትን ሰዓት አይመርጥም ማለት አይደለም። ቤተሰብ «ይቃጠላል፣ ይቆረጣል» ብሎ ከፈራ አይከራከሩ፤ ግማሽ ገጽ ይጻፉ፦ ከሥራው ምን ያገኛል፣ ምን ሊደርስ ይችላል፣ እንዴት እንቀንሰዋለን። ቢላ የማይቆርጠው ጓንት፣ የኋለኛው የምድጃ ዓይን፣ የውኃ ማሞቂያው በ120 ዲግሪ ፋራናይት፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ተቀምጦ ከምድጃ ርቆ የሚሠራ ሥራ። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ማብሰል ይችላል፤ መቅመሱ ግን በምግብ ዕቅዱ ልክ ብቻ ነው።

ፍሪጁ

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራል ደንብ በሜዲኬይድ ዌይቨር (ሰው በተቋም ፋንታ በማኅበረሰብ ውስጥ እየኖረ እንዲታገዝ በሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም) የሚከፈልባቸውን እንደእርስዎ ያሉ ቤቶች ይመለከታል፤ ክፍለ ግዛቶች እስከ ማርች 17 ቀን 2023 እንዲያሟሉት ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። በዚህ ደንብ ነዋሪ በማንኛውም ሰዓት ምግብ ማግኘት፣ በማንኛውም ሰዓት እንግዳ መቀበል፣ የመኝታ በሩን መቆለፍ፣ ጊዜውን ራሱ መምራት፣ ክፍል የሚጋራ ከሆነ የሚጋራውን ሰው መምረጥ መብቱ ነው። መገደብ የሚቻለው ለአንድ ሰው፣ በእሱ ዕቅድ ውስጥ፣ ተለይቶ በተመዘገበ ፍላጎት ነው፤ የቤት ደንብ ሆኖ አይቻልም። አስቀድሞ የተሞከረ ቀለል ያለ መንገድ፣ የሚሰበሰብ መረጃ፣ የሚከለስበት ጊዜ፣ የሰውየው ወይም የጋርዲያኑ በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ፣ ገደቡ ጉዳት እንደማያመጣ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶችን የሚመራው የሚኒሶታ 245ዲ ሕግም ቢያንስ በየስድስት ወሩ እንዲከለስ ይጠይቃል። ለስታፍ እንዲመች ተብሎ የሚደረግ ገደብ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ይህን አንብበው ዛሬ ማታ ቁልፉን እንዳይሰብሩት። ፕራደር-ዊሊ ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የማይጠግብ ረሃብ የሚያመጣ የጤና ችግር) ያለበት ሰው ከሆነ ያልተገደበ ምግብ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ሳምንት ለኬዝ ማናጀሯ፣ ለጋርዲያኑና ለነርሷ ደውለው ስብሰባ ያስይዙ፤ በመሀል ደግሞ ለሦስት ሳምንት መቼ፣ ምን፣ ከምን በኋላ እንደሚበላ ይመዝገብ። ሐኪሙ መድኃኒቶቹን ይይ፤ እንደ ኦላንዛፒን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። ምዝገባው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከ3፡30 እስከ 5፡30 ያለውን ባዶ ሰዓት ነው፤ ይህ ከሆነ መፍትሔው ከላይ የጻፍነው ነው። በስሙ የተለጠፈ የራሱ መደርደሪያ፣ የመክሰሱን ሰዓት የሚያሳይ የሥዕል ሰሌዳ፣ ተመጥኖ የተቀመጠ ምግብ ይሞከር፤ የተሞከረውም ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቁልፍ ካስፈለገ ሌሎቹ ሦስት ሰዎች ቁልፉን ወይም ቁጥሩን ይያዙ፤ ያ ለማይችል ሰው ለራሱ በሚመች ቦታ ትንሽ ፍሪጅ ይቀመጥለት። በአንዱ ዕቅድ ሦስቱ አይቆለፍባቸውም።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። የመጀመሪያውን ወር ራት ላይና ሁለት ነዋሪዎች ላይ ብቻ ይሥሩ፤ ከዚያ ልብስ፣ ከዚያ ሱቅ። የስታፍ ስብሰባው የመጀመሪያ አርባ ደቂቃ ለአራቱ ሰዎች ይሁን፣ ለእያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ደቂቃ፦ ምን አዲስ ተሞከረ፣ ምን አደረገ፣ ምን እንለውጥ። የሺፍት ቅያሬና የቫን ቁልፍ ወሬ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ከፊት ከመጣ ሰዓቱን ይበላዋል። ከእያንዳንዱ ስታፍ ጋር በወር አንዴ ለብቻ ሲቀመጡም የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ነዋሪው ይሁን።

ለሚቀጥለው የኬዝ ማናጀሯ ስብሰባ የምልከታ ቁጥሮቹን፣ የእገዛ ደረጃዎቹን ወረቀትና ነዋሪው ሲሠራ የተነሡ ሦስት ወይም አራት ፎቶዎች ይያዙ፤ ለፎቶው ፈቃድ ይኑር። ፎቶዎቹን የሚያሳየው ነዋሪው ራሱ ይሁን። ቀጠሮውንም ዴይ ፕሮግራም ላይ በሚሆንበት ሰዓት አይቀበሉ፤ ወደ 3፡30 ይዛወር።